ቁልፉን የተከልሽው አንቺ ነሽ

ውድ እህት ዓለሜ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ዝምታ በአንድ «እንደምን አለሽ» አይደፈንም። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። መጽሐፉ ሊታተም ነው። ያ «ዋሸኸኝ» ያልሽኝ መጽሐፍ። ሌላው ደግሞ ይኸውልሽ፤ ሰው ሁሉ ከመጽሐፉ የወደደው ነገር የእኔ ሥራ አይደለም፣ ያንቺ ነው። እኔ ግን ይህን እያወቅሁ ሲያሞግሱኝ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ። ይህን ሳልናዘዝ ሌላ ወሬ ባወራሽ አይዋጥልሽም፤ አውቅሻለሁ።

ከሥሩ ልነሳ። እማዬ ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንቺ ደግሞ አሥራ ስድስት። አባታችን ከሹፍርናው ጋር በየአገሩ ሲዞር፣ አንቺ ደብተርሽን ዘግተሽ የእማዬ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥሽ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ የወደቀ መርፌ በማግኔት እለቅም ነበር። አንቺ የተከራየሽውን የወንጀል መጽሐፍ ክር ማስቀመጫው ላይ አስደግፈሽ፣ እግርሽ መርገጫውን እየረገጠ፣ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ጥርቅም ታደርጊውና፣

«በል፣ ማነው የገደለው?» ትያለሽ።

«ሐኪሙ!»

«ለምን?»

«ፊቱ ያስጠላል።»

ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገሽ፣ «ፊት ማስረጃ አይደለም፤ ገጹን አሳየኝ» ትይኛለሽ። ገጹን ካላሳየሁ መጨረሻው አይነበብልኝም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሦስት ቀን አስጠብቀሽኝ አልቅሻለሁ። እኔን ጸሐፊ ያደረገኝ ያ ልቅሶ ይመስለኛል። ይህን ግን አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም።

እና አርባ ዓመት ሲሞላኝ የራሴን ጽፌ አመጣሁልሽ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ። ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ ተመትቶ ይገኛል፤ ጎረቤቱ ሲደርስ ነፍሱ ገና አልወጣችም፤ «ቁልፉ...» ብሎ አንድ ቃል ተናግሮ ያሸልባል። ከዚያ በኋላ መርማሪው የሱቁን ቁልፍ፣ የካዝናውን ቁልፍ፣ የጓሮውን በር ቁልፍ ሲያሳድድ መጽሐፉ ያልቃል። ስጽፈው በራሴ ብልጠት እየሳቅሁ ነበር። አንብበሽ የጨረስሽ ዕለት ወደ ሱቅሽ ስመጣ ጺሜን ሁሉ ተላጭቼ ነበር፤ ልትስሚኝ ነው ብዬ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየተኮስሽ ነበር። ቀና ሳትይ፣ «ዋሸኸኝ፣ ጩጬ» አልሽኝ።

«እንዴት?»

«ስፈልግ ስፈልግ ቆይቼ ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ከሰማይ ዱብ አለ። ሰዓት ሠሪው የእንጀራ ወንድም አለው ብለህ መቼ ነገርከኝ?»

«ማንም እንዳይደርስበት ነዋ!»

«ያልሰጠኸኝን እንዴት ልድረስበት? ይሄ መደበቅ አይደለም፤ መንፈግ ነው። የደበቅከውን ፈልጌ ባጣው ሞኝነቱ የእኔ ነው። የነፈግከኝን ግን የት ሄጄ ላምጣው?»

ትክክል እንደሆንሽ እዚያው ገብቶኝ ነበር፤ የገባኝ መሆኑ ነው ያናደደኝ። እና ያን ቃል ተናገርኩ። «ልብስ ሰፊ ስለ መጽሐፍ ምን ታውቃለች!»

አንቺ የካውያውን ገመድ ነቀልሽ። የልጅ ሱሪ አንስተሽ በመስመሩ አጠፍሽ፣ እንደገና ፈታሽ፣ እንደገና አጠፍሽ። የተማርኩት በዚያ ስፌት መኪና እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ጫማዬ ከዚያ መኪና እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ረቂቁን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ባልሽ ተዛውሮ ዕቃችሁን ስትጭኑ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም። ያን ቀን የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ከሄድሽ በሳምንቱ የአውቶቡስ ሾፌር አንድ ጥቅል አደረሰልኝ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ዙሪያውን በስፌት ክር ታስሯል። ረቂቁ እንደሆነ ከክብደቱ አወቅሁ። ስድብ ይኖርበታል ብዬ ፈራሁ፤ ይባስ ብሎ ይቅርታ ቢኖርበትስ? ሳልፈታው ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወርኩት። በእጄ ሌላ ቅጂ ስለነበረኝ አንድ ፊደል ሳልቀይር ለአንዲት አርታኢ ሰጠሁ። እሷም በሁለት መስመር መለሰችልኝ፤ «ፍጻሜው አላሳመነኝም። ካስተካከልከው መልሰህ አሳየኝ።» እሷም አልገባትም አልኩ። ለካ እልኸኛ ሰው ዓለም ሁሉ ቢሳሳት ይቀለዋል።

ጥቅሉ ቁም ሣጥኑ ላይ አሥራ አንድ ወር ተኛ።

የምሠራበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፤ የማሽኑ ጩኸት፣ የእንፋሎቱ ወበቅ፣ በጋሪ እየተገፋ የሚመጣ የአንሶላ ተራራ። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ዕረፍት ሲያደርጉ ስድስታችን የታጠፉ ብርድ ልብሶች ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቀን ወሬ ሲያልቅብን፣ «አንድ ነገር ላንብብላችሁ?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ሙሉ በየምሳው አነበብኩ።

እህቴ፣ ያን ደስታ እንዴት ልንገርሽ። ባለ ካውያዋ የምንላት አለች፤ ሠላሳ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ የኖረች፣ ክንዷ የወንድ የሚያህል፣ አፏ ከካውያው የሚያቃጥል። እሷ ጎረቤቱን ጠረጠረች። ጋሪ ገፊው ደግሞ መርማሪውን ራሱን ጠረጠረ። «ፖሊስ ሆኖ እንዲህ የሚደክም የለም፤ አውቆ ነው» ይላል። ሥራ ላይ ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። የእንጀራ ወንድምየው መጣ፣ ተያዘ፣ አለቀ። ወረቀቱን ዘጋሁና ጭብጨባ ጠበቅሁ።

የውሃ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«እና ይሄ ወንድምየው ማነው?» አለች ባለ ካውያዋ።

«ገዳዩ ነዋ።»

«እሱን ሰማሁ። የት ነበር እስከዛሬ?»

«ሌላ አገር።»

«ታዲያ እዛው አይቀርም ነበር?» አለችና ተነሳች። «አንድ ወር ሙሉ ሰው ስጠረጥር ከርሜ፣ ጎረቤትየውን በከንቱ ረግሜ! ጭንቅላቴን መልስልኝ።»

ጋሪ ገፊው ጋሪውን እያዞረ፣ «በዚህ ዓይነትማ እኔም ልገድለው እችል ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ ፊቴ አልተባበር አለኝ። አንቺ በዚያ ቀን የነገርሽኝን፣ አንድም መጽሐፍ ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ቃል በቃል ሊደግሙት ምንም አልቀራቸውም።

ከሥራ እንደወጣሁ ቤቴ ሄድኩ፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወንበር ላይ ወጥቼ ጥቅሉን አወረድኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ስድብ የለም። ይቅርታም የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ ጨርቅ በምታሰምሪበት ሰማያዊ እርሳስ፣ «ጩጬ፣ ልብህ ሲበርድ አንብበው» ይላል። ከዚያ ገጽ በገጽ ጽሑፍሽ ሞልቶታል። የመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ላይ ደግሞ፣

«ገዳዩ አከራዩ ነው። አንተ አላወቅክም እንጂ ከምዕራፍ ሦስት ጀምሮ እሱ ነው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አከራዩን እኔ ለማሳቂያ ነበር ያስገባሁት፤ ሚስቱ የምትጮህበት፣ ከሟቹ ጋር በቤቱ ጉዳይ ሲካሰስ የኖረ ሽማግሌ። አንቺ ግን አይተሽዋል። ሰዓት ሠሪው «ቁልፉ» ሲል፣ እኔም መርማሪውም የበር ቁልፍ ስናሳድድ፣ አንቺ ከጎኑ በሰማያዊ እርሳስ «ቁልፍ ያለው በር ብቻ ነው እንዴ?» ብለሽ ጽፈሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሚዝና የኮት ቁልፍ ስትተክል ለኖረች ሰው «ቁልፍ» ማለት መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ሰውየው ሲታገል ከገዳዩ ኮት ላይ ቁልፍ በጥሶ ነበር። ሊናገር የፈለገው እሱን ነው።

ከዚያ ምን እንደማደርግ አንድ በአንድ አሳይተሽኛል። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ዕቃዎች የዘረዘርኩበት ገጽ ላይ፣ «የተበጠሰ ጥቁር ክር ጨምር። መጀመሪያ ላይ አታድርገው፤ መጨረሻም ላይ አታድርገው፤ ሰው የሚያስታውሰው ዳር ዳሩን ነው። ከጉጠቱና ከዘይቱ መሐል ጣለው።» ምዕራፍ ሦስት ላይ አከራዩ ከሰው ጋር ሊያለቅስ ሲመጣ፣ «ኮቱን በመርፌ ቁልፍ አስይዘው። ግን እንዲሁ አታሳየኝ፤ ሚስቱ ትጩህበት፣ 'እንደ ሕፃን በመርፌ ቁልፍ ተይዘህ ሰው ፊት ትቆማለህ?' ትበለው። አንባቢው ይሳቅ። እየሳቀ የሚያይ ሰው አይጠረጥርም።» ከሥሩ ደግሞ አነስ አድርገሽ፣ «ቃሉን ራሱን እኮ አፍንጫው ሥር አስቀመጥክለት። ከዚህ በኋላ ዋሸኝ ቢል አይፈረድልህም?»

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ያን ቃል ከነገርኩሽ በኋላ ነው ይህን ሁሉ የጻፍሽው። ቤትሽን እያሸግሽ፣ ልጆችሽን እያሰናዳሽ፣ ለሰደበሽ ሰው። እህቴ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር። ስልኩን አንስቼም ነበር። ግን «መጀመሪያ ላስተካክለውና አሳያታለሁ» አልኩ። ኩራት መልኩን ሲቀይር ሰበብ ይባላል።

አምስት ወር ጻፍኩ። ከባድ ነበር። ፍንጩን ስገልጠው ይጮህብኛል፤ ስሸፍነው ይጠፋብኛል። የመርፌ ቁልፏን ነገር ብቻ አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፌያታለሁ፤ በመጨረሻ ያንቺኑ አረፍተ ነገር እንዳለ አስገባሁት፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። የእንጀራ ወንድምየውን ግን ከነሻንጣው አባረርኩት።

እንደገና ምሳ ሰዓት ላይ ተቀመጥን። ባለ ካውያዋ፣ «አሁንም ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው ካለ ካሁኑ ንገረኝ፤ ምሳዬን ሌላ ቦታ እበላለሁ» አለች። ማልኩላት። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሚስትየዋ ስትጮህ ባለ ካውያዋ እስክታነባ ሳቀች፤ «የኔን ባል ነው የጻፍከው!» አለች። ማንም አልጠረጠረም። ከወረቀቱ ቀና ሳልል አለፍኩት።

የመጨረሻው ቀን መጣ። መርማሪው አከራዩ ፊት ቆሞ፣ «ሟቹ ቁልፍ ነው ያለው፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ ግን አልተናገረም» ሲል ቆም አልኩ። እንዳንቺ ገጹን ሸፍኜ፣ «ማነው?» አልኳቸው።

ባለ ካውያዋ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «መርፌ ቁልፍ!» ብላ ጮኸች። «ኮቱ! ኮቱ እኮ ቁልፍ አልነበረውም! ወይኔ፣ እኔ ስስቅ!» ጋሪ ገፊው፣ «የለም፣ አላልክም፤ ምዕራፍ ሦስትን መልሰህ አንብብልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። አነበብኩለት። ክሩ ያለበትንም ገጽ አነበብኩለት። አምስት ሰው ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ በገዛ ራሱ ላይ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተሸንፈው እንዲህ የተደሰቱ ሰዎች አላየሁም። ከላይ ነርሶቹ «አንሶላ የት ደረሰ?» ብለው እስኪደውሉ ድረስ ማሽን ማስነሳቱን ሁሉ ረስተነው ነበር።

ያን ቀን አንቺ እዚያ አለመኖርሽ ነው ያንገበገበኝ። ደስታው ያንቺ ነበር፤ እኔ ተቀበልኩልሽ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ። አርታኢዋ መልሳ አነበበችውና ቢሮዋ ጠራችኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛዋ በወረቀት ተሞልቷል፤ የእኔን ከመሐል መዝዛ አወጣች። «መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገችው ይህቺ የቁልፍ ነገር ናት» አለችኝ። «ቃሉን እፊቴ አስቀምጠህልኝ አለፍኩት። እንዴት መጣልህ?»

«እንዲሁ... መጣልኝ» አልኩ።

ሁለት ቃል። እንዲሁ መጣልኝ። በሾፌር እጅ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደመጣልኝ አልተናገርኩም። እጄን ጨብጣ ሸኘችኝ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ሳስረዳ ሄድኩ፤ የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፤ እሷ ምክር ነው የሰጠችኝ፤ የምስጋና ገጽ ላይ አሰፍራታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስሟገት ሰነበትኩ። ያኔ አክስታችንን መንገድ ላይ አገኘኋት። ወዲያው ስላንቺ ጠየቅኋት፤ ስለ መጽሐፉ ጠይቀሻት እንደሆነ ለማወቅ።

«ስለ መጽሐፉ አንዴም አልጠየቀችኝም» አለች። «ስላንተ ሳትጠይቀኝ የቀረችበት ቀን ግን የለም። ጉንፋን ይዞት እንደሆነ ሁሉ ትጠይቃለች።»

በማግሥቱ ውሉን የምፈርምበት ቀን ነበር። ብዕሩን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ለአርታኢዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስድቤን፣ ጥቅሉን፣ አሥራ አንዱን ወር። ያንቺ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበትን ረቂቅ ይዤው ሄጄ ነበርና ፊቷ ዘረጋሁት። ረጅም ጊዜ ገለጠችው። የተቆጣች መሰለኝ፤ ውሉን ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ስትከተው፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ይህን ያለፈው ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት አናባክንም ነበር» አለች። «ሁለት ሰው የጻፈውን መጽሐፍ በአንድ ሰው ስም አላትምም። ውሉ እንደገና ይጻፋል። እህትህ ትስማማለች?»

«አላውቅም። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው ካልተነጋገርን።»

«እንግዲያው እሱን አንተ ጻፈው» አለችኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼም ነገርኳቸው። የሚያፍሩብኝ መስሎኝ ነበር። ባለ ካውያዋ ካውያዋን እንኳ ሳታቆም፣ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ቁልፍ ተክሎ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ፍንጭ አይተክልም። አንተ የራስህን ሸሚዝ ተመልከት እስቲ።» ተመለከትኩ። ሁለተኛው ቁልፍ የለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ውሉን አስገብቼልሻለሁ። ሁለት ስም አለበት፤ ያንቺ ይቀድማል፣ ታላቅ ነሽና። ካልፈለግሽ አትፈርሚ፤ ቅር አይለኝም። ያለ ስምሽ ግን አይታተምም፤ ይህን ለአርታኢዋም ተናግሬያለሁ። ይቅርታሽን ከፊርማሽ ጋር አንድ ላይ አልጠይቅም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ይቅርታውን ዓይንሽን እያየሁ ነው የምጠይቀው። ልብስ ሰፊ ስለ መጽሐፍ ምን እንደምታውቅ አሁን አውቄያለሁ፤ ለልጆችሽም ፊትሽ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ እደርሳለሁ። ደጅሽ ቢዘጋ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ የምሠራው ነገር አላጣም። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ምዕራፍ ደርሻለሁ። አንዲት ነርስ ከሥራ ወጥታ ቤቷ አልገባችም። አምስት ሰው አለበት፤ አምስቱንም ካሁኑ ስማቸውን ከነሥራቸው አስተዋውቄሻለሁ፤ ከሌላ አገር የሚመጣ የለም። ማን እንዳደረገው ግን እኔም ገና አላወቅሁም። ሁለቱን ምዕራፍ አብሬ ልኬልሻለሁና ሰማያዊውን እርሳስ ቅረጪው።

እስከ ቅዳሜ ሁሉንም ጠርጥሪልኝ።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ጩጬው